እውነተኛው ቶፊቅ

ስምንት መቶ ስልሳ ሺህ ብር…

ዓይኑ እያየ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ!

ጳጉሜ ነው። ቶፊቅ ከሚሴ ካለው የቆርቆሮና የሲሚንቶ ሱቁ በር ላይ ቆሟል። ማዶ፣ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ፊት ለፊት፣ አይሱዙ ቆርቆሮ እየጫነ ነው።

ገዢው ሐጂ ጀይሉ ናቸው። የጨፋ ሮቢት እህል ነጋዴ፣ የቶፊቅ የዘጠኝ ዓመት ደንበኛ። አዲስ መጋዘን እየሠሩ ነው። ቶፊቅ የዚያን ቆርቆሮ ትርፍ በልቡ ቆጥሮ ከጨረሰ ቆይቷል።

ሻጩ ደግሞ ሰልማን ነው…

እስከ መጋቢት ድረስ የቶፊቅን ሲሚንቶ በትከሻው ይሸከም የነበረው ሰልማን!

ነገሩ የጀመረው ባለፈው መስከረም ነው።

ቶፊቅ አንድ ሆቴል ውስጥ የንግድ ሥልጠና ወስዶ መጣ። የአዲስ ዓመት እቅዱን በቀለም አሳትሞ ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጠፈ።

አንደኛ… በማኅበራዊ ጉዳይ መቶ በመቶ እሳተፋለሁ።

ሁለተኛ… አንድም ደንበኛ አላጣም።

ሚስቱ አስያ አነበበችና ሳቀች።

«ከቀብር ቀርቷል ብሎ ቅሬው ሦስቴ የቀጣው ሰውዬ አንተ አይደለህም እንዴ?»

ቅሬ ማለት በእኛ አገር ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ሐዘንተኛውን የሚያጽናና የሰፈር ማኅበር ነው። ቅጣት ስለከፈልክ አይረካም። የሚፈልገው እግርህን ነው።

«ዘንድሮ ከአንድም ቀብር አልቀርም!» አላት።

እውነትም አልቀረም… ሰው ላከ!

ሂሳቡን ሠርቶታል። ግማሽ ቀን ሱቅ ቢዘጋ ሦስት ሺህ ብር ይቀርበታል። የሰልማን የቀን ሂሳብ ሦስት መቶ ብር ነው። ስለዚህ ጀርባው ላይ «ቶፊቅ ቆርቆሮና ሲሚንቶ» የሚል በትልቁ የተጻፈበት ቢጫ ሰደርያ አሠራለት።

«ሄጄ ምን ልበል አለቃ?»

«ምንም አትበል። ቆፍር፣ ተሸከም፣ ከፊት ከፊት ሁን። ጽሑፉ ይታይ።»

«ማልቀስስ አለብኝ?»

«ለልቅሶ ጭማሪ የለም!»

ሰልማን ሄደ። የከተማውን ቀብር ቀበረ፣ የገጠሩን ለቅሶ ደረሰ። ቶፊቅ ፎቶውን እያስነሳ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል… «ከማኅበረሰባችን ጎን ነን!»

ሰዉ ምንም አላለም።

የኛ አገር ሰው ዝም ካለ እየቆጠረ ነው።

መጋቢት ላይ የሐጂ ጀይሉ አባት ሞቱ። በልጉ አጉል ጥሏል፣ የቦርከና ወንዝ ሞልቷል፣ መኪና አያልፍም። ሰልማን ጭቃውን በእግሩ አቋርጦ ደረሰ። መቃብሩ ውስጥ ገብቶ ጀናዛውን ከተቀበሉት አንዱ እሱ ነበር። ከዚያም ለሐዘንተኛው ቤት ውሃ እየቀዳ፣ እንጨት እየፈለጠ ሦስት ቀን ተቀመጠ።

ቶፊቅ ደወለ።

«ሲሚንቶ መጥቷል! የት ነህ አንተ?»

«ሐዘን ቤት ነኝ አለቃ። እንግዳው ብዙ ነው፣ ሰው የላቸውም።»

«እኔ የላክሁህ ለአንድ ቀን ነው!»

ሲመለስ የሁለት ቀን ሂሳቡን ቆረጠበት። ስድስት መቶ ብር።

«የሄድኩት እኮ ለአንተ ነው።»

«ለእኔ ብትሄድ ኖሮ በሰዓቱ ትመለስ ነበር። ከፈለግህ ሥራ፣ ካልፈለግህ በሩ ያውልህ!»

ሰልማን ሰደርያውን አወለቀ። አጥፎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ወጣ።

ሰኔ ላይ ማዶ ያችን ጠባብ ሱቅ ተከራየ። ቶፊቅ ሳቀበት። «በምን ገንዘቡ? ሚስማር ቆጥሮ ይሽጥ!»

አሁን ግን አይስቅም…

መንገዱን በሩጫ ተሻገረ።

«አካም ጂርቱ ሐጂ!» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላቸው።

«ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ ጀይሉ፣ ዓይናቸውን ከቆርቆሮው ሳያነሱ።

«ይኼ ነገር ምንድን ነው? ይህ ሰውዬ እኮ ካፒታል የለውም!»

«አውቃለሁ። ገንዘቡን ቀድሜ ሰጠሁት፣ ከኮምቦልቻ አስመጣልኝ።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደንበኛዬ ነበሩ! አባትዎ ሲሞቱ እንኳ ሰው ልኬያለሁ! የከፈልኩት እኔ ነኝ!»

ሐጂ ያኔ ቀና ብለው አዩት።

«ከፍለህም ቆርጠህበታል አሉ። ስማ ቶፊቅ… አንተ ለአባቴ ቀብር ሰው ላክህ። እኔ ደግሞ ለላክኸው ሰው ገንዘቤን ሰጠሁ። ምኑ ከፋህ?»

ቶፊቅ ወደ ሰልማን ዞረ።

«ሌባ! በእኔ ብር፣ በእኔ ሰደርያ ደንበኛዬን ሰረቅህ!»

ሰልማን ቆርቆሮ መቁጠሩን አላቆመም።

«አለቃ፣ ለልቅሶ ጭማሪ የለም አላልከኝም? ያለቀስኩት እንግዲህ የራሴ ነበር።»

ጫኞቹ በሳቅ ፈነዱ።

ቶፊቅ ፊቱ እየተቃጠለ ወደ ሱቁ ተመለሰ። አንዲት የገጠር እናት በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት። እማማ ሚስራ ይባላሉ። ሚስማር ፈልገው ነው።

«ልጄ፣ ቶፊቅን ጥራልኝ።»

«እኔ ነኝ ቶፊቅ፣ እማማ።»

ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አይ… ቶፊቅንማ አውቀዋለሁ። የሟች ባለቤቴን ቀብር የቆፈረልኝ ልጅ ነው። ስሙ ጀርባው ላይ ተጽፏል።»

ወደ ማዶ ሲዞሩ ፊታቸው በራ።

«ያውና! እውነተኛው ቶፊቅ!»

ብለው መንገዱን ተሻገሩ…

ወገኖቼ… ዕቃ ይላካል፣ ገንዘብም ይላካል። ሐዘን ግን በተላላኪ አይደረስም። እኔ ከዜሮ ተነስቼ ስነግድ የገባኝ አንድ ነገር ነው… ደንበኛ የሚጠበቀው ሱቅ ተዘግቶ ነው። የዘንድሮ እቅዳችሁን ግድግዳ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት እግራችሁን ጠይቁት።

ለመሆኑ ሰልማን ያደረገው ንግድ ነው ወይስ ክህደት? በሐጂ ጀይሉ ቦታ ብትሆኑ ከማን ትገዙ ነበር? ኮሜንት ላይ ፍረዱ።

ስትፈርዱ ግን የቶፊቅን የዓመት ሂሳብ እያያችሁ…

ትርፍ… ከሰልማን ላይ የቆረጠው ስድስት መቶ ብር።

ኪሳራ… ስምንት መቶ ስልሳ ሺህ ብርና የገዛ ስሙ።