በእኛ ዘር የለም

ዶክተሯ የአራት ዓመቷ ናርዶስ የሚጥል በሽታ እንዳለባት ለወላጆቿ ነገረቻቸው። ለዓመታት፣ አንድም ቀን ሳታቋርጥ ክኒን መዋጥ አለባት። መድኃኒቱ ሊያደነዝዛት፣ ሊያስመልሳትም ይችላል።

ልጅቷ መጀመሪያ የወደቀች ዕለት አባቷ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቷ ውባለም ጥፋቱ የእሷ ይመስል አንገቷን እንደደፋች ነው።

«ይህን ያህል ዘመን ውጦ ደህና የሆነ ሰው አለ?» ስትል በቀስታ ጠየቀች። «ከሌለ ልጄን አላሠቃያትም።»

ዶክተሯ ከመመለሷ በፊት አባትየው ከኮቱ የውስጥ ኪስ አንድ ብልቃጥ ክኒን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እኔ አለሁ» አለ ቀና ብሎ ሳያያት። «ይህንኑ መዋጥ ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመቴ ነው።»

ከተጋቡ ስድስት ዓመታቸው ነው። ውባለም ብልቃጡን አንስታ አገላብጣ አየችው።

«መቼ ነው የምትውጠው?»

«ጠዋት ጠዋት፣ አንቺ ሳትነሺ።»