በሽቦ የታሰረው በር

የይታያልን አስከሬን ከደጀን የሚያመጣው መኪና አማኑኤል ከተማን አልፏል ሲባል፣ አባቱ ውበቱ ፒንሳ ይዞ ወደ ትልቁ የግቢ በር ሄደ። በሩን ባለፈው ክረምት በወፍራም ሽቦ ጠምዝዞ ያሰረው ይታያል ራሱ ነበር። ውበቱ የሽቦውን ጫፍ በፒንሳው ነክሶ እንደ ወትሮው ወደ ግራ አዞረው፤ ይባስ ብሎ ጠበቀ። ደግሞ አዞረው፤ ደግሞ ጠበቀ። ዓይኑ ደረቅ ነበር።

«በፒንሳው ይቁረጡት እንጂ፣ አያ ውበቱ! መኪናው ደረሰ እኮ» አለች ጎረቤቱ አሰገደች።

«ደህና ሽቦ ለምን ይቆረጣል?» አላት፤ ድምፁ የገበያ ወሬ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነበር።

ድንገት እጁ ቆመ። ፒንሳውን ወደ ቀኝ ሲያዞረው ሽቦው ያለ ትግል ተፈታ።

«ልጄ ግራኝ እኮ ነው» አለ። መርዶውን ገና አሁን የሰማ ይመስል እዚያው ተቀመጠ። በሩን የከፈተችው አሰገደች ናት።