ማርቆስን ያልማለችው

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለው የምርጥ ዘር መጋዘን ውስጥ አሳባቂ አለ። ይህን ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል። ማን እንደሆነችም ያውቃል።

ቢያድግልኝ ከጆንያው ጀርባ ሸለብ ባደረገው ማግስት ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ጌቱ የማበጠሪያ ማሽኑን ትቶ ለቅሶ የሄደ ዕለት፣ እሱ ሳይመለስ ወሬው ቢሮ ገብቶ ነበር። ታየች ሥራ አስኪያጇን «እሷ ደግሞ ዘር ከጥሬ መለየት ትችላለች?» ብላ ያማችው ቃል በቃል ደርሷል። የሁሉም ታላቅ የሆነው ሚዛን ሠራተኛው አማረ አንድ ቀን ደጀን ሠርግ ውሎ ቢመጣ የበላው ሳይቀር ተነግሮበት ቆየው።

ድሮም ወሬ ይወጣ ነበር። የብርጓል ከዲማ ከመጣች ወዲህ ግን ባሰበት ይላሉ።

የብርጓል የመሪጌታ ልጅ ናት። ቀኑን ሙሉ ከስንዴው እንክርዳድ ትለቅማለች እንጂ አታወራም። ታዲያ የማያወራ ሰው የሰማውን ሁሉ ለማን ያጠራቅማል? የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሳምንት ቀርቶታል። ቋሚ ካልሆነች ልጇን ዜማን ከከተማ ትምህርት ቤት አስወጥታ ወደ ዲማ መመለሷ ነው። ይህንንም ሁሉም ያውቃል። ማንም ግን አላዘነላትም።

መጀመሪያ ስትገባ ወሬ ያቋርጡ ጀመር። ቀጥሎ ምሳ ለዩባት። በኋላማ ታየች እሷ የቀዳችውን ውሃ እፊቷ ደፋችው።

ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ሥራነሽ የብርጓል ቋሚ ትሁን አትሁን የቡድኑን ግምገማ ጽፋችሁ አምጡ ባሉ ዕለት፣ አማረ ሁሉንም ሰብስቦ በማርቆስ ታቦት እንማማል አለ። እሱ ራሱ ጀመረ። ጌቱ፣ ታየችና ቢያድግልኝም ተከተሉት፤ ከዚህ የሰማሁትን ቢሮ አላደረስሁም እያሉ በየተራ ማሉ። የብርጓል ተራ ደረሰ።

«እኔ አልምልም» አለች። «አባቴ በታቦት እንዳልምል ከልክሎኛል። አላሳበቅሁም፤ ካመናችሁኝ ይኸው ነው።»

«ንጹሕ ሰው መሐላ አይፈራም» አላት አማረ።

ነገሩ በዚያው አለቀ። ለቡድን ሥራ አትሆንም፣ መተማመን ታፈርሳለች ተብሎ ተጻፈ፤ አራቱም ፈረሙበት። ዓርብ ከሰዓት የብርጓል የሥራ ልብሷን አጥፋ ለቢያድግልኝ አስረከበች። ደህና ዋሉ ብትል ሁሉም ፊታቸውን አዞሩባት። እንዲህ ነው እንግዲህ የሰው ጭካኔ።

ስትወጣ መጋዘኑ ተነፈሰ።

«እሰይ፣ አሁን የልባችንን እናውራ» አለ አማረ።

አወሩ። አማረ ሥራ አስኪያጇ ወንበሩን ያገኘችው በዘመድ ነው አለ። ታየች እርጥብ ዘር ደረቅ ነው ብላ ስትቀበል በዓይኔ አይቻለሁ አለች። ጌቱ ለበላይ እንክሰሳት ሲል፣ ቢያድግልኝ ማመልከቻውን እኔ እጽፋለሁ አለ። ተሳሳቁ፣ ተመራረቁ፣ ሲለያዩም ተቃቀፉ። እንዲህ ያለ መተማመን በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም።

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ሥራነሽ ገና ሥራ ሳይገባ ሲመጡ፣ ቢሮአቸው በር ላይ አራቱም ቆመዋል። አንዱ የአንዱን ዓይን ይሸሻል።

«ዛሬ ምን ነካችሁ?» አሉ ቁልፋቸውን እያወጡ። «ሌላ ጊዜ በየተራ አልነበረም እንዴ የምትመጡልኝ?»