ጋሻው የት ከረመ?

ልብስ ሰፊው ጋሻው ክረምቱን ህንድ አገር ከርሞ ልደታ የተመለሰ ሰሞን፣ ጌጃ ሰፈር ሌላ ወሬ አልነበረውም። ስለ ጣሊያን ማውራት አንገት ያስቆርጣል፤ ስለ ጋሻው ማውራት ግን ማንንም አያሳስርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሻው የሚሰፋው በአንድ ህንዳዊ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር። ጣሊያን ነጋዴውን ቁም ስቅሉን ሲያሳየው ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ ተነሣ፤ ዕቃ ይጠብቅልኛል ብሎም ጋሻውን አስከትሎ በባቡር ጅቡቲ፣ ከጅቡቲም በመርከብ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቀው ጋሻው ብቻ ነው። እንደ እሱ አባባል የነጋዴው ወንድም በተራሮች መሃል፣ አንድ ሸለቆ ውስጥ፣ የቡና እርሻ አለው። ጋሻውም እዚያ እየበላ፣ እየተኛ፣ ጉም ሲመጣና ጉም ሲሄድ እያየ ሰንብቶ ወፍሮ መጣ።

መወፈሩን ማንም አልካደም። ያጠራጠረው የወፈረበት አገር ነው።

ሚስቱን ፀዳለን ደግሞ ጨርሶ እንቅልፍ ነሳት። ጋሻው ህንድ ነበርኩ በሚልበት ጊዜ፣ ሊሙ ውስጥ፣ ከቡና ዛፎች መሃል፣ ቁርጥ እሱን የሚመስል ሰው ባርኔጣውን ደፍቶ በበቅሎ ሲያልፍ ታይቷል። ሊሙም ቡና አለ፣ ተራራ አለ፣ ጉም አለ። ህንድ ለመሆን ምን ጎደለው?

«ማን ነገረሽ?» አሏት ጎረቤቷ እትዬ ወለተሰንበት።

«ያየ ሰው።»

«ለይቶ አይቶታል?»

«ለይቶ ቢያየውማ በተገላገለ፣ እትዬ። ካለፈ በኋላ፣ ከጀርባው ነው።»

እትዬ ወለተሰንበት ነገሩ ወዲያው ገባቸው። «ውሽማ ነው! አንቺ የታመመች አክስትሽን ላስታምም ብለሽ ሰበታ ስትንከራተቺ ክረምቱ አለቀ፤ እሱ ሆዬ ቡና ጥላ ሥር ተንጋሏል። ደግሞ ዝሆን ላይ አስቀመጡኝ ይላል። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ!»

ፀዳለ ፈርታለች። ትዳሯን ትወዳለች፤ ጋሻውንም ከነዝሆኑ ትወደዋለች። ሊሙ ከነበረ ግን ያ ትዳር አበቃለት። ስለዚህ ልትፈትነው ቆረጠች።

እሁድ፣ ከልደታ ማርያም ቅዳሴ መልስ፣ ዶሮ ሠርታ ሁለት እንግዶች ጠራች። አንዱ ከሊሙ ቡና በካሚዮን የሚያመላልሰው ሹፌር ኢዶሳ ነው። ሌላው አዲስ አበባ ኖሮ ኖሮ የሸበተ ህንዳዊ አናጢ ነው፤ እሱ ሥጋ ስለማይበላ ሽሮ ቀረበለት። እትዬ ወለተሰንበት ሳይጠሩ መጡ።

«እስቲ ስለ ቡናው አውራን» አለችው ፀዳለ ባሏን። «ኢዶሳ የቡና አገር ያውቃል፤ እሱ ይፍረድ።»

ጋሻው ደስ አለው። «ቡናው የበቀለው ከዛፍ ጥላ ሥር ነው። በየዛፉ ላይ ደግሞ ቁንዶ በርበሬ ወጥቶበታል።»

«ማን አወጣው?» አሉ እትዬ ወለተሰንበት።

«ራሱ ነዋ! እንደ ሐረግ ተጠምጥሞ።»

«እሰይ! በርበሬ ዛፍ ላይ ወጣ። ነገ ደግሞ ሽንኩርት በቅሎ ላይ ወጣ ይለናል።»

«ኢዶሳ፣ ሊሙ እንዲህ ያለ ነገር አለ?» አለች ፀዳለ።

«እኔ አላየሁም» አለ ኢዶሳ ዓይኑን ከወጡ ሳያነሣ። ሌላ ጊዜ ሳቂታ ነው፤ ያን ቀን ግን ዶሮው እንኳ አልጣመውም።

«ቡናውንስ እንዴት ነው የሚጠጡት?»

«በወተትና በስኳር! ከዚያ ከአንዱ ኩባያ ወደ ሌላው፣ እንዲህ ከላይ ያንቆረቁሩታል» ብሎ ጋሻው ብድግ አለና በጠላ ሊያሳይ ሞከረ። ጠላው የእትዬ ወለተሰንበት ነጠላ ላይ አረፈ።

ነጠላው እስኪጠረግ ፀዳለ አልታገሰችም። «ጉሙስ? ረፋድ ላይ ይገፈፋል?»

«ኧረ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ አይገፈፍም።»

«የሊሙ ረፋድ ላይ ይገፈፋል» አለች ፀዳለ።

ኢዶሳን ትን አለው። ውሃ ተሰጠው። እትዬ ወለተሰንበት «ያዝሽው!» ለማለት ፀዳለን ጠቀሷት።

ጋሻው ተናደደ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ህንድ ነበርኩ! ለቃሚዎቹ ሴቶች የሚሉትን ዘፈን ልዝፈንላችሁ?»

መልስ ሳይጠብቅ ጀመረ። አንድ ቃል የገባው የለም። ወገቡን እያወዛወዘ፣ የሌለ ቡና ከአየር እየቀጠፈ፣ የሌለ ቅርጫት ውስጥ እየጨመረ ቤቱን ዞረው። እትዬ ወለተሰንበት አማተቡ። ፀዳለ ግን የምታየው አናጢውን ነበር።

ሽማግሌው የያዘው ጉርሻ ከእጁ ወደቀ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ቀስ ብሎ ተነሣና ቀጣዩን ስንኝ ተቀበለው፤ ሁለቱም ቡና እየቀጠፉ ምሰሶውን ዞሩ።

«ይሄ የእኔ እናት ዘፈን» አለ አናጢው ሲጨርሱ፣ እንባውን እየጠረገ። «የእኔ ተራራ። ይሄ ሰው እዚያ ነበር።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፦ «ዘፈን ግን መጥፎ ዘፈነ።»

ፀዳለ እልልታዋን አቀለጠችው። «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!» እያለች ባሏን አንገቱን አንቃ ሳመችው፤ ፈረሰኛውንም ለሱ አጎረሰችው። እትዬ ወለተሰንበት አፍረው ይቅርታ ጠየቁትና የዝሆኑን ወሬ እንደገና እንዲነግራቸው ለመኑት። ኢዶሳ ሳይቀር የምግብ ፍላጎቱ ተመልሶለት ሁለተኛ እንጀራ አስጨመረ።

ሰዓት እላፊው ሳይደርስ እንግዶቹ ተነሡ። ፀዳለ ኢዶሳን እስከ በር ሸኘችው። ግራ ቀኝ አይታ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ተመስገን፣ ሊሙ ላይ ያየን ሰው እሱ አይደለም።»