የመቀስቀሻው ዘንግ

ዝናሽ በልጅነቷ ክረምት በመጣ ቁጥር ገጠር፣ አያቷ ዘንድ ትላክ ነበር። እዚያ ቤት አንድ የማይጣስ ሕግ አለ፤ ከጦር ሜዳ የተመለሱት አያቷ፣ አምሳ አለቃ ደምለው፣ ተኝተው ሳሉ በእጅ አይነኩም። የሚቀሰቅሳቸው ሰው በሩ ላይ ቆሞ የአልጋውን እግር በረጅም ዘንግ ሦስቴ መታ መታ ያደርግና «ጠላት የለም፣ እኔ ነኝ» ይላል። እሳቸውም ጡጫቸውን ጨብጠው ብድግ ይላሉ፤ እሷ መሆኗን ሲያዩ አፈር ብለው ይስቃሉ።

«አባባ፣ ለምንድን ነው የማንነካዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው አንድ ቀን።

«እንዳልጎዳሽ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ዛሬ ዝናሽ ራሷ የልጆች እናት ሆና መጥታለች። ለአያቷ ሜዳሊያ ይዘው ከወረዳ የመጡት እንግዶች ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። አያቷ ግን የድሮ የወታደር ልብሳቸውን እንደለበሱ «እስክጠራ ጋደም ልበል» ብለው ገብተው ቀሩ።

ዘንጉን ከተሰቀለበት አወረደች። በሩ ላይ ቆማ ሦስቴ መታች። ደገመች። ውጭ በድምፅ ማጉያ ስማቸው ተጠራ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ።

ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ገባችና እጃቸውን ያዘች። ቀዝቅዟል። ያ ጡጫ ተፈቷል።

«ጠላት የለም፣ አባባ» አለቻቸው። «እኔ ነኝ።»