የሚጨበጨብበት ቦታ

«ቤት ነበር እኮ» ያለችው አክስቴ ትሁን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ፣ ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ልጅ ነበርኩ፤ ትኩሳት ይዞኝ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቻለሁ። አንዷ፣ ታዲያ ስታንኳኳ አልሰማም ወይ ብላ ጠየቀች። ሌላዋ ፈትሉን በጥርሷ በጠስ አድርጋ፣ «እንዴት አይሰማ? እየዘፈነ ነበር» አለች። ጠዋት በሩን ሲከፍት እናቱን ግድግዳው ላይ እንደተደገፈች፣ ቀዝቅዛ አገኛት ሲሉም የሰማሁ ይመስለኛል። ስለ ማን እንደሚያወሩ ግን አላወቅሁም።

አሁን አንድ ሽማግሌ ዘፋኝ በሥራ ክፍሌ ውስጥ ከኋላዬ ተቀምጠዋል። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ፣ ካፖርታቸውን ከጎናቸው ባለው ወንበር ላይ አድርገዋል፤ ማንም አጠገቤ አይቀመጥ እንደሚል ሰው።

ሥራዬ የድሮ ቴፕ ማጽዳት ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ ጆሮና ትዕግሥት ብቻ ነው። የላኩልኝ የቴፕ ጥቅል «ሰው አይምጣብኝ» የሚለው ዘፈናቸው የመጀመሪያው ቅጂ ነው። ሰው በቃኝ፣ በሬን አታንኳኩ ይላል፤ ጉዱ፣ ሰው ካልተሰበሰበ የሚዘፍነው የለም። በየሠርጉ፣ አዝማቹ አልቆ ዝም በሚልበት ቦታ ላይ አገር ሁሉ ሦስቴ ያጨበጭባል፤ ቴፑ ላይ ሦስት ምት ስላለ። ከበሮ ነው ብለን ኖረናል።

«ያችን ምት ከውስጡ አውጣልኝ» አሉ። አሳታሚው ዘፈኑን እንደገና ሊያወጣው ነው።

ከበሮ መቺው አላማረዎትም እንዴ ብዬ ቀለድኩ። አልሳቁም።

«ከበሮ አልነበረም» አሉ። «ብቻዬን ነበርኩ፤ በሬን ዘግቼ።»

እጄ የመሣሪያው ቁልፍ ላይ ቀረ። ፈትል በጥርስ ሲበጠስ የሰማሁ መሰለኝ።

ጥቅሉን ከትናንት በስቲያ ጀምሮ፣ በስመ አብ እያልኩ፣ ዘጠኝ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከምቱ ሥር የሴት ድምፅ አለ። ትጠራለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግማ ትጠራለች። ምቱን ካወጣሁ እሷም አብራ ትጠፋለች፤ ተጣብቀዋል። ሳልነግራቸው ባጠፋት ኃጢአቱ የማን ይሆን?

«ጋሼ፣ ከማጥፋቴ በፊት የእርስዎን ድምፅ ዝቅ ላድርገውና አንዴ ይስሙት» አልኳቸው።

ዘፈኑ እየራቀ ሄደ። የዚያ የተዘጋ ክፍል ዝምታ ብቻ ቀረ። ኳ። ኳ። ኳ። ከዚያ በእንጨት ውስጥ ያለፈ፣ የማይቸኩል ድምፅ፦ «ማሙሽ።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፦ «ማሙሽ።»

ባርኔጣው ወለሉ ላይ ወደቀ።

ባርኔጣውን ሳያነሱ ነገሩኝ። ሰምተዋት ነበር። ቴፑ አንድ ብቻ ስለነበር እንዳያበላሹት ብለው፣ ስጨርስ እከፍትላታለሁ አሉ። ሲጨርሱ ጸጥ አለ፤ ተቀይማ ሄዳለች ብለው ተኙ።

«ይመልሱላት» አልኳቸው። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ የተጠራ ሰው አቤት ማለት አለበት ከሚለው በቀር። የማፌዝ መስሏቸው ረጅም ጊዜ አዩኝ። በኋላ ወንበራቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው ሳብ አደረጉ።

መልሼ ለቀቅሁት። ኳ። ኳ። ኳ። «ማሙሽ።»

«አቤት፣ እማዬ» አሉ። «መጣሁ።»

ሁለተኛውን ጥሪ ጠበቅሁ። ጥቅሉ ይዞራል። አሥር ጊዜ የሰማሁት ቦታ መጣ፤ አለፈ። የድምፅ መለኪያው መርፌ ከተኛበት አልተነቃነቀም። ማንም አልጠራም።

መዞር ፈራሁ። ፊቴን ወደ መሣሪያው እንዳደረግሁ፣ ምቱን ላውጣው ወይ ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅሁ።

ከኋላዬ ካፖርት ሲነሳ ተሰማኝ። በመሣሪያው መስታወት ውስጥ አየኋቸው፤ ካፖርቱን ክንዳቸው ላይ አድርገው፣ ካፖርቱ የነበረበትን ወንበር፣ እንግዳ እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ እያደረጉ ነው።

«ተወው» አሉ። «ያጨብጭቡ።»