በአቶ ቢትሰር ተራ የረገፉ ቅጠሎች

ጀርመን ሽቱትጋርት ውስጥ በአንድ ቤት ደረጃው የሚጠረገው በተራ ነው። ተረኛው በር እጀታ ላይ ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ይንጠለጠላል፤ ባለ ሰሌዳው ሳምንቱን ሲጠርግ ሰንብቶ ቅዳሜ ይወለውልና ለጎረቤቱ ያሳልፋል። ተከራዮቹ ሦስት ናቸው፦ ወይዘሮ ኖይፈር፣ ከፊት ለፊቷ አቶ ቢትሰር፣ ላይኛው ፎቅ ደግሞ አዲስ ተጋቢዎቹ።

ወይዘሮ ኖይፈር ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀሯት ሰባት ማሰሮ ተክሎች ናቸው። ግንዳቸው ወፍራም፣ ቅጠላቸው ድንቡሽቡሽ ያለ የበረሃ ተክሎች። ቤቷ ፀሐይ ስለማያገኝ የደረጃው መስኮት ላይ ደርድራቸዋለች። በየቀኑ ከቁርስ በኋላ ታጠጣቸዋለች፣ ታወራቸዋለች። ሌላ የምታወራው ሰው የለም።

በጥቅምት ቅጠላቸው መርገፍ ጀመረ።

የሚረግፈው ደግሞ በአቶ ቢትሰር ሳምንት ነው። ወይዘሮ ኖይፈር ሞኝ አይደለችም፤ ቀን መቁጠሪያዋ ላይ በቀይ እርሳስ አሰመረች። በሷ ሳምንት ደረጃው ንጹሕ። በተጋቢዎቹ ሳምንት ንጹሕ። ሰሌዳው አቶ ቢትሰር በር ላይ በተሰቀለ ማግስት ዘጠኝ ቅጠል! ተራው ዞሮ ሲመጣ ደግሞ አሥራ ሁለት።

ሄዳ በሩን አንኳኳች። እጇን ሳታወርድ ተከፈተ። ሰውዬው ጸጉሩን አበጥሯል፣ ከረባት አስሯል። ጡረተኛ በሰኞ ጠዋት ለማን ብሎ ከረባት እንደሚያስር እግዜር ይወቀው።

«እነዚህ ተክሎች ምን በደሉዎት?» አለችው።

«ምንም። ግን ውኃ ያበዙባቸዋል፣ ወይዘሮ ኖይፈር። የበረሃ ናቸው፤ ትንሽ ይጠሙ።»

«እርስዎ ነዎት ለእኔ አስተማሪ? ዕድሜ ልክዎን እርጎ የሚልሱ ሰው!»

«እርጎ ለሆድ ጥሩ ነው» አለና መጥረጊያውን አወጣ።

አናቱ ላይ ቆመች። የረገፉትን ለማስረጃ በወረቀት ከረጢት ሰበሰበች።

«አንድ ቀርቷል።»

«የት ጋ?»

«ጫማዎ ሥር! ዐይንዎ የሚሠራው ለተንኮል ብቻ ነው?»

አቶ ቢትሰር አምስት ደረጃ ለመጥረግ አንድ ሰዓት ፈጀ።

በገና ሰሞን ከሰባቱ አንዱ ደረቀ። በጥር ሁለተኛው ተከተለ። ወይዘሮ ኖይፈር ሁለቱን ባዶ ማሰሮዎች ከቦታቸው አላነሳችም።

ነገሩን የቆረጠችላት ዳቦ ቤት የምትሠራው የላይኛዋ ሙሽራ ናት።

«መናገር አልፈለግኩም ነበር» አለቻት። «ጎሕ ሲቀድ ወደ ሥራ ስወርድ ሁልጊዜ አቶ ቢትሰርን ማሰሮዎችዎ ጋ አጎንብሰው አያቸዋለሁ። ሲያዩኝ እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ።»

«አላልኩም? መርዝ ነው!»

በዚያው ቀን ለቤቱ ባለቤት ደብዳቤ ጻፈች፦ ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ እኔ። ሰኞ ልትልከው አጥፋ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

እሑድ አቶ ቢትሰርን አምቡላንስ ወሰደው። ልብ ነው አሉ።

ሰኞ ሰሌዳው ተጋቢዎቹ በር ላይ ነበር። ደረጃው ላይ አሥር ቅጠል ወድቋል። ማክሰኞ ስምንት። በሚቀጥለው ሳምንት ሰሌዳው በራሷ በር ላይ ተሰቅሎም ያው ነው። ወይዘሮ ኖይፈር ከረጢቷን ይዛ ደረጃው ላይ ቆመች። የምታንኳኳው በር አልነበረም።

ደብዳቤው ከኪሷ አልወጣም።

ሐሙስ ሙሽራዋ ቁልፍ ይዛ መጣች።

«አቶ ቢትሰርን ሆስፒታል ጠየቅኳቸው። መነጽራቸው ወጥ ቤት ቀርቷል፤ እርስዎ እንዲያመጡላቸው ነው የሚፈልጉት።»

«እኔ? ዘመድ የለውም?»

«እኔም ይህንኑ አልኳቸው። ‹በሬን የሚያንኳኳ ሌላ ሰው የለም› አሉኝ።»

«እሱ መቼም ማፈር አያውቅ» አለች ወይዘሮ ኖይፈር። ቁልፉን ግን ተቀበለች።

መነጽሩ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አንስታ ልትወጣ ስትል ዐይኗ መስኮቱ ላይ ዐረፈ። ከዳር እስከ ዳር የእርጎ ኩባያ ተደርድሯል። መስኮቱ አልበቃ ብሎ ምድጃው ላይ፣ ወለሉ ላይ። በያንዳንዱ ውስጥ አፈር፣ አፈሩ ላይ አንድ አሮጌ ቅጠል፣ ከቅጠሉ ሥር የጣት ጥፍር የምታህል ድንቡሽቡሽ ቡቃያ። ኩባያው ላይ በእርሳስ የተጻፈ፣ ቅጠሉ የተለቀመበት ቀን።

ወይዘሮ ኖይፈር ቀን መቁጠሪያዋን በቃሏ ታውቀዋለች። ጎንበስ ብላ ከመጀመሪያው ኩባያ ጀምራ አንድ በአንድ አነበበች።

ከቀኖቹ አንዱም በአቶ ቢትሰር ተራ ላይ አልዋለም።